ተቀናሹን ማን ይዳኛል? የጤና መድህንና የሆስፒታሎች የክፍያ ክርክር ሲዳሰስ

በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ሲታመም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። ሕመሙ ከጤና ጣቢያው ዐቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ይጻፍለታል፤ ወደ አለርት ወይም ውል ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ሄዶ ካርድ ያወጣል፣ ገንዘብ ሳይከፍል ይታከማል። የእሱ ጉዳይ በዚህ ያበቃል። ሆስፒታሉ ግን የመታወቂያውን ቅጂ፣ ሪፈሩን፣ የምርመራ ውጤቱን፣ የመድኃኒት ማዘዣውንና የሒሳብ ዝርዝሩን ጠርዞ ለመድህኑ ያቀርባል። በሠራተኞቹ አነጋገር ይህ ‹ክሌም› ነው። መድህኑ መርምሮ ያጸድቃል፣ ይቀንሳል ወይም ይመልሳል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው የተቀነሰውንና የተመለሰውን ነው፦ ለምን ይቀነሳል፣ ሁለቱ ወገኖች ምን ይላሉ፣ ካልተስማሙስ የሚወስነው ማን ነው?

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የገንዘብ እጥረት ውጤት ተደርጎ ይነገራል። እጥረቱ መኖሩ አያጠያይቅም። ሆኖም ከእጥረቱ የባሱ ሁለት ችግሮች አሉ፦ አንደኛ፣ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ሁለተኛ፣ ከፋዩ ራሱ መርማሪም ዳኛም ነው።

ከነፃ ወረቀት ወደ ክሌም

ታካሚው ሳይሆን ሌላ አካል ይክፈል የሚለው አሠራር ከጤና መድህን ይቀድማል። በደርግ ዘመንም ከዚያ በኋላም መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌው የድህነት ማረጋገጫ (‹ነፃ ወረቀት›) ይዞ ሆስፒታል ይሄድ ነበር። ደብዳቤውን የሚጽፈው ቀበሌ ወጪውን አይከፍልም፤ ወጪውን የሚሸከመው ሆስፒታል ደግሞ ደብዳቤው ለሚገባው ሰው መሰጠቱን የመጠየቅ ሥልጣን አልነበረውም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂና ከእሱ የተከተሉት ማሻሻያዎች ይህን ለመለወጥ ሞከሩ። ጤና ተቋማት የሚሰበስቡትን ገቢ ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። የነፃ ሕክምና ተጠቃሚዎችም ሳይታመሙ በፊት እንዲመለመሉ፣ ወጪያቸውን ደግሞ የመለመላቸው አስተዳደር እንዲተካ ተወሰነ።

የክፍያ ክርክር በተጨባጭ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ቀድሞ ሆስፒታሉ ሳይሰበስበው የቀረው ገንዘብ የማንም አልነበረም፤ ቢሰበሰብም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ነበር የሚገባው። ገቢውን ይዞ መድኃኒት እንዲገዛበት ከተፈቀደለት በኋላ ግን ያልተተካ ብር ሁሉ ከራሱ በጀት የሚጎድል ሆነ።

የጤና መድህን የመጣው ሁለት መንገድ ይዞ ነው። ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ፤ በማግስቱ ዓመትም የጤና መድህን ኤጀንሲ በደንብ ቁጥር 191/2003 ተቋቋመ። ከሠራተኛው 3 ከመቶ፣ ከአሠሪው 3 ከመቶ የሚለው መዋጮ ተቃውሞ ስላስነሣ የትግበራው ቀን ተደጋግሞ ተገፋ። ለገበሬውና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ መድህን ግን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። አዲስ አበባ ዘግይታ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ገባች። ኤጀንሲውም በኋላ የኢትዮጵያ ጤና መድህን አገልግሎት ተብሎ ተሰየመ።

በሙከራው ወረዳዎች አባላት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በብዛት ወደ ጤና ተቋም መሄዳቸው በግምገማ ታይቷል። ግቡም ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ የሚጨመረው እያንዳንዱ ሕክምና የሚመረመር ሰነድ ይጨምራል፤ የወረዳው መድህን ጽሕፈት ቤት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሉት ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ክርክሮች

የሆስፒታል ኃላፊ ‹መድህኑ አልከፈለንም› ሲል ክፍያው ዘግይቷል ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተቀንሷል፤ ወይም ደግሞ አገልግሎቱ በመድህኑ አይሸፈንም ተብሏል። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ መቀላቀላቸው ጉዳት አለው።

የዘገየው ክፍያ በጥብቅ ሲታይ ክርክር አይደለም፤ ዕዳው መኖሩን ሁለቱም ያምናሉ። ጉዳቱ ግን ከሦስቱ የከፋው ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሉ መድኃኒት የሚያገኘው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፤ መድህኑ ካልከፈለው እሱም የአቅራቢውን ዕዳ አይከፍልም። መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ ማዘዣ ተሰጥቶት ከውጭ በገንዘቡ ይገዛል፤ ከዚያ ደረሰኙን ይዞ ይተካልኝ ይላል። ስለዚህ አንድ ያልተከፈለ ክሌም ሌላ ክሌም ይወልዳል፤ ሁለተኛው የሚቀርበው ግን በሆስፒታል የሒሳብ ክፍል ሳይሆን በግለሰብ ነው። በአዲስ አበባ ከከነማ መድኃኒት ቤቶች ጋር የተደረገው ውል ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የታሰበ ነበር። የምንዛሬው ለውጥም ይታከልበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በቀድሞው ዋጋ የቀረበ ክሌም ከወራት በኋላ ሙሉ በሙሉ ቢከፈል እንኳ ያንኑ መድኃኒት በመጠኑ መልሶ አይገዛም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዘገየ የገንዘብ ዕዳ 9 ከመቶ ሕጋዊ ወለድ ያስባል፤ የመንግሥት ሆስፒታል ሌላውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወለድ ሲጠይቅ ማሰብ ግን ይከብዳል።

የተቀነሰው ክፍያ እውነተኛው ክርክር ነው። እሱም ቢሆን ሲበተን የተለያየ ነገር ነው፦ የሒሳብ ስሕተት፣ ከተመኑ በላይ የተጠየቀ ዋጋ፣ የጎደለ ሰነድ፣ አላስፈላጊ ነው የተባለ ሕክምና። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በካልኩሌተርና በዋጋ ዝርዝር ይፈታሉ። የጎደለው ሰነድ ሊሟላ ይችላል። አራተኛው ግን የሐኪምን ውሳኔ መመርመር ነው።

አይሸፈንም የተባለው ደግሞ የሕግ ትርጉም ጥያቄ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድህን ደንብ የውጭ አገር ሕክምናን፣ የውበት ቀዶ ሕክምናን፣ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላን፣ መነጽርንና ሰው ሠራሽ ጥርስን፣ ድንገተኛ ካልሆነ የኩላሊት ችግር ጋር የተያያዘ እጥበትን ከሽፋን ውጭ አድርጓል። በዚህ ዝርዝር የሚነሣ ክርክር ክሌሙን በሚመረምረው የሕክምና ኦዲተር ዐቅም አይፈታም፤ ዝርዝሩን ያወጣው አካል ራሱ ማብራሪያ መስጠት አለበት።

ድንበሩ የት ላይ ነው?

አለርትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሆስፒታሉ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተ ነው፤ የቦታው ታሪክ ግን ከዚያ ቀድሞ በዘነበወርቅ ስም ከተቋቋመው የሕሙማን መኖሪያ ይጀምራል። ዛሬ አለርት አጠቃላይ ሕክምና ይሰጣል፤ የቆዳ፣ የዐይን፣ የአደጋና የሌላም ታካሚ ይገባበታል።

የሥጋ ደዌ ሕክምና እንደ ሳንባ ነቀርሳ፣ እንደ ኤችአይቪ፣ እንደ ወሊድና እንደ ክትባት ለማንም በነፃ ከሚሰጡት አገልግሎቶች አንዱ ነው። በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት በመድህን አይጠየቅም፤ ወጪው በሌላ በጀት ይሸፈናል ተብሎ ይታሰባልና። አሁን የጤና መድህን አባል የሆነ፣ ቀድሞ በሥጋ ደዌ ታክሞ በእግሩ ላይ ቁስል የቀረበት ሰው ቁስሉ ተመርዞ ቢመጣ ሒሳቡ የማን ነው? ቁስሉ የነፃው በሽታ መዘዝ ነው ብሎ መድህኑ ሊመልሰው ይችላል። ሆስፒታሉ ደግሞ የበሽታው ሕክምና አልቋል፤ ይህ እንደማንኛውም ቁስል ነው፤ ፋሻውም አንቲባዮቲኩም በነፃ አይመጣልኝም ሊል ይችላል። ሁለቱም ከወረቀቱ አንጻር አልተሳሳቱም። ያው ሰው ደም ግፊትም ካለበት አንዱ የሐኪም ማዘዣ ለሁለት ይከፈላል። በነፃ የሚሰጡት አገልግሎቶች ሲዘረዘሩ የበሽታው ስም ተጻፈ እንጂ መዘዙ የት ድረስ እንደሚሄድ አልተሠመረም፤ ክርክሩ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ሌላው ድንበር የመኪና አደጋ ነው። ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባለው መንገድ የተገጨ ሰው ማን ይክፈልለት? የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለተጎጂው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና ያዝዝ ነበር። የማኅበራዊ ጤና መድህኑም በሌላ ሕግ የተሸፈነ የመኪና አደጋን አይሸፍንም። ግን በጣሪያ የተገደበ ገንዘብ ከተሰበረ አጥንት ቀዶ ሕክምና የት ድረስ ይዘልቃል? ከዚያ በላይ ያለውን ከኢንሹራንስ ኩባንያው ለመጠየቅ የፖሊስ ሪፖርት፣ የገጨው መኪና ታርጋ፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠበቃል። ሆስፒታሉ ሰውየውን ዛሬ አክሞታል፤ በእጁ ያለው ወረቀት የጤና መድህን መታወቂያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሪፈር ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ወረቀቱ አለ ወይም የለም። በሙከራው ዘመን ቅብብሎሹን ዘሎ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ እንዲሸፍን ተወስኖ ነበር። ጥያቄው የሚነሣው በሕጉ ዳርቻዎች ነው፦ ሪፈሩ ጊዜው አልፎበት ክትትሉ የቀጠለ የስኳር ሕመምተኛ፤ ድንገተኛ ሆኖ ሌሊት የገባ፤ ድንገተኛ መስሎ ገብቶ ሲመረመር ያልሆነ። በሦስተኛው ላይ የውሳኔው ሰዓት ወሳኝ ነው። ሐኪሙ የወሰነው የሚያውቀውን ይዞ በሌሊት ነው፤ ኦዲተሩ የሚያነበው ከሳምንታት በኋላ የመጨረሻውን ምርመራ ይዞ ነው። ድንገተኛ መሆኑ በመጨረሻው ውጤት ከተመዘነ የተቀነሰው ሁሉ ትክክል ይመስላል። የሚመዘነው በተቀበለው ሐኪም ፊት በነበረው ምልክት መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ አለበለዚያ ሆስፒታሉ በደረት ሕመም የመጣን ሰው በር ላይ ሊከራከረው ይገደዳል።

የወገኖቹ ክርክር

የመድህኑ ወገን ክርክር ከገንዘቡ ምንጭ ይነሣል። ቋቱ የአባላት መዋጮና የመንግሥት ድጎማ ነው፤ መዋጮው በቤተሰብ የሚቆረጥ እንጂ በአጠቃቀም የሚጨምር አይደለም። የሚከፈለው ግን በአብዛኛው በተሰጠው አገልግሎት ልክ ነው። እንዲህ ያለው ክፍያ ብዙ ለሠራ ብዙ ስለሚያስገኝ፣ አንድ ምርመራ በቂ ሲሆን ሦስት ለማዘዝ ይጋብዛል፤ ይህ በየአገሩ የታወቀ ነገር ነው። መታወቂያ መዋዋስ፣ ላልወጣ መድኃኒት የተሞላ ማዘዣ፣ አንድ ሕክምና ሁለት ጊዜ ማስመዝገብ የሚሉት ሥጋቶች አሉ፤ ፎቶ የሌለው ወይም ያልታደሰ መታወቂያ ለመጀመሪያው በር ይከፍታል። በዚህ ወገን ዐይን ኦዲቱ ካልጠበቀ ቋቱ በሰኔ ይደርቃል፤ የሚጎዳውም በጥቅምት የሚታመመው አባል ነው።

የሆስፒታሎቹ ወገን ደግሞ የሚቀነሰው ማጭበርበር ሳይሆን ቅርጽ ነው ይላል። ማኅተሙ ያልታየ፣ ፊርማው የጎደለ፣ የካርድ ቁጥሩ የተዛነፈ ክሌም ሲወድቅ ታካሚው እንዳልታከመ ይቆጠራል። ታካሚው ግን ታክሟል፤ መድኃኒቱም ከመደርደሪያው ወጥቷል። ሌላው ቅሬታ የሙያ ደረጃ ነው፦ የስፔሻሊስትን ውሳኔ የሚሽረው ኦዲተር በደረጃ ከእሱ የሚያንስ ሲሆን ክርክሩ ከመጀመሪያው የተበላሸ ነው። የዋጋ ተመኑ ከመድኃኒቱ መግዣ ጋር እኩል ካልተራመደ ደግሞ ሙሉ ክፍያ ራሱ ኪሳራ ይሆናል፤ ቅናሽ ሲጨመርበት ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው።

ሁለቱ ወገኖች በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር አይደለም የሚናገሩት። መድህኑ ስለ ድምሩ፣ ሆስፒታሉ ስለ እያንዳንዱ ታካሚ ያወራል። ኦዲተሩ ከመቶ ክሌም አሥሩን መርምሮ በሁለቱ ስሕተት ቢያገኝ፣ ከጠቅላላው ላይ አንድ አምስተኛውን መቀነስ ይችላል? ለመድህኑ ሁሉንም ማየት ስለማይቻል ናሙና ብቸኛው መንገድ ነው። ለሆስፒታሉ ግን ያልታየ ክሌም እንዴት ይጣላል? መካከለኛው መንገድ የስሕተቱን ዓይነት መለየት ይመስለኛል። የተመን ስሕተት በየክሌሙ ስለሚደጋገም ከናሙናው ወደ ጠቅላላው ማስላት አያስነቅፍም። የአንድ ሐኪም ማዘዣ ላይ የተገኘ ጥርጣሬ ግን ስለ ሌላው ሐኪም ማዘዣ ምንም አይናገርም።

ማን ይዳኛል?

የሆስፒታሉና የመድህኑ ግንኙነት የሚመራው በውል ነው። ውሉ አለመግባባት በመጀመሪያ በውይይት ይፈታል ቢልም፣ ከውይይቱ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። የመንግሥት አካል ለሕዝብ አገልግሎት የሚዋዋለው ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ የአስተዳደር ውል ሊባል ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ በአንቀጽ 315 የአስተዳደር ውል በግልግል ዳኝነት እንዳይታይ ከልክሎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 ሌላ ሕግ ካልፈቀደ በስተቀር ይህን ክልከላ አልቀየረም። ዕርቅ ግን የተከለከለ አይደለም፤ ለዚህ ዓይነት ጉዳይ የሚመቸውም እሱ ነው።

የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ በር ከፍቷል። መርሁ ጥሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተቀናሽ ፍርድ ቤት መሄድ ግን ከተቀናሹ በላይ ያስወጣል።

መዋቅሩ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። የጤና መድህን አገልግሎት ተጠሪነቱ ለጤና ሚኒስቴር ነው፤ እንደ አለርት ያለ የፌዴራል ሆስፒታልም እንዲሁ። የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠራቸዋል፤ በእነሱና በሆስፒታል መካከል ክርክር ቢነሣ ከሁለቱም ውጭ የሆነ አካል አለ። በመንግሥቱ መድህን ከፋዩና ተቀባዩ አንድ አለቃ አላቸው። አንዳንዶች ይህን እንደ ጥቅም ያዩታል፤ አለቃው ጠርቶ ያስታርቃል። እውነት አለው፤ ቢሮ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ያለቀ ዕዳ ብዙ ነው። ችግሩ እንዲህ ያለው ዕርቅ ድምሩን እንጂ ምክንያቱን አለመፍታቱ ነው፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ያው ተቀናሽ ተመልሶ ይመጣል። ከዚህም በላይ የኮልፌ ጤና ጣቢያዎች የከተማው ናቸው፣ አለርት የፌዴራል ነው፤ ሪፈሩን የጻፈውና ሪፈሩ ልክ ስላልሆነ የተቀጣው አንድ ተቋም አይደለም።

ሌላው ዓለም

ጋና ብሔራዊ ጤና መድህኗን እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ አቋቁማ፣ በ2008 የሕክምና ክፍያውን በየአገልግሎቱ ከመዘርዘር በበሽታ ምድብ ወደተጠቃለለ ተመን ቀየረች። በአሻንቲ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 በነፍስ ወከፍ የሚከፈል የተመላላሽ ሕክምና ክፍያ ሞክራ በ2017 አቆመችው። ለእኛ የሚሆነው የምድብ ተመኑ ነው፤ ‹ሦስት ምርመራ ለምን ታዘዘ?› የሚለውን ጥያቄ ከኦዲተሩ ጠረጴዛ ያነሣል። በምትኩ ‹በሽታው በትክክለኛው ምድብ ተመዝግቧል?› የሚል ሌላ ክርክር ይተክላል።

አሜሪካ የክርክር ክምችት ምን እንደሚያደርግ አሳይታለች። በመንግሥት ጤና መድህኗ በሜዲኬር የይግባኝ ሥርዓት ሦስተኛው እርከን ላይ የተጠራቀሙት መዝገቦች እ.ኤ.አ. በ2014 ከ800,000 አልፈው ነበር። መንግሥት በዚያው ዓመት አጭር ቆይታ ስለነበራቸው ተኝቶ ታካሚዎች የተከራከሩ ሆስፒታሎች ይግባኛቸውን ቢተዉ 68 ከመቶውን እንዲወስዱ አቀረበ። ብዙዎቹ ተቀበሉ። ይህ ፍትሕ ነበር ወይስ መዝገብ ማጽዳት? እውነት የነበረው ሆስፒታል 32 ከመቶ አጣ፤ ያልነበረው 68 ከመቶ አተረፈ።

ኬንያ የፈረሰው የቀድሞ መድህኗ የተወውን ከ30 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ዕዳ እ.ኤ.አ. በ2025 ስትይዝ መጠኑን መለያ አደረገች፦ እስከ 10 ሚሊዮን ሽልንግ ያለው ይከፈል፤ ከዚያ በላይ ያለው በአጣሪ ኮሚቴ ይመርመር። ትንንሾቹ ተቋማት ምርመራን እስኪጠብቁ ይዘጋሉ በሚል ነው። ይህ መለያ ለእኛ ጤና ጣቢያዎችም የሚስማማ ይመስለኛል።

አሁን የሚነሡ ሐሳቦች

የመጀመሪያው ቋቱን ከወረዳ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ከተማ ማሳደግ ነው። ቋቱ ሲሰፋ ኦዲተሮቹን በሙያ ማሠልጠን፣ የተመላለሰ ክርክርን በአንድ ቋሚ ትርጉም መዝጋት ይቻላል። ሁለተኛው የነፍስ ወከፍ ክፍያ ነው፤ በጤና ጣቢያ ደረጃ የክሌሙን ብዛት በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። ነገር ግን አስቀድሞ የተከፈለው ጤና ጣቢያ ከባዱን ታካሚ ቶሎ ሪፈር መጻፍ ይቀናዋል። ክርክሩ እንግዲህ ወደ ሆስፒታሉ በር ይሻገራል ማለት ነው፤ የቀራንዮው ጤና ጣቢያ የጻፈው ሪፈር ተገቢ መሆኑን አለርት ይፈትሽ? ሦስተኛው ዲጂታል ሥርዓት ነው። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የጸናው ፋይዳ መታወቂያ ከአባልነቱ ጋር ቢተሳሰር መታወቂያ መዋዋስ የሚባለው ክስ በአብዛኛው ያበቃል፤ የጎደለ ማኅተምና የተዛነፈ ቁጥርም ይቀንሳል። ሪፈሩ አስፈላጊ ነበር ወይ፣ ቁስሉ የማን ነው የሚሉትን ግን ኮምፒዩተር አይመልስም።

ከሁሉም ያነሰ ንግግር የተደረገበት የግለሰቡ ክሌም ነው። ሆስፒታሉ መድኃኒት የለኝም ብሎ ማዘዣ የጻፈለት አባል ከውጭ ሲገዛ ደረሰኙ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ማዘዣው ላይ ‹የለም› የሚል ማኅተም ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱም በዝርዝሩ ውስጥ ሊሆን ይገባል። አንዱ ከጎደለ ይመለስበታል። ሆስፒታሉ ተቀናሹን ለመከራከር የሒሳብ ክፍልና ውል አለው። አባሉ በውሉ ላይ አልፈረመም፤ በሁለቱ ተቋማት የሩብ ዓመት ስብሰባም ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል በዕርቅ የተዘጋ ዕዳ ከኪሱ ያወጣውን አይመልስለትም፤ ሆስፒታሉ መድኃኒቱን ያጣው ክፍያ ስለዘገየ ከሆነ ደግሞ የአባሉን ወጪ መክፈል ያለበት ያዘገየው አካል ነው ወይስ ያላቀረበው? አሁን በሥራ ላይ ያለው የሆስፒታልና የመድህን ውል የተጻፈው በሁለት ተዋዋዮች መካከል ስለሆነ ይህን ጥያቄ አይነካውም።